የሞተ ባትሪ የት ይቀበራል

ጅቡቲ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ አጎቴ ለጋሼ ሀብተሚካኤል፣ አቃቂ።

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እትዬ ፍቅርተማርያምስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ አገር ደህና ማለት በላብ ተዘፍቆ ማደር ከሆነ። የፋብሪካው የሽመና ማሽን ጆሮዎን ይዞት ስለቀረ ስልኩ ለኛ አልሆነንም፤ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንነጋገር። ሾፌሩ ፍቅሩ እግዜር ይስጠው፣ በተመላለሰ ቁጥር አደርሳለሁ ብሎኛል።

ያ የላክሁላችሁ ባትሪ ሞተ ብለው እትዬ ፍቅርተ ነገሩኝ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይደፍን! ነጋዴውን ብጠይቀው «ርካሹ እንዲያ ነው» ብሎ ሳቀ። አሁን ፍቅሩ ሌላ ይዞላችሁ ይመጣል። ጣራው ላይ ያለው የሶላር መስታወት ደህና ስለሆነ ባትሪውን ብቻ መቀየር ነው። አሮጌውን ለቁራሌው ይስጡት፣ ወይ እንደፈለጉ ያድርጉት።

ጋሼ፣ ወደቡን ቢያዩት! ድሮ በትራንዚት ቢሯችን ከወደብ የምናስወጣው ብረትና ስኳር ነበር። ዘንድሮ በሬን ከፍቼ የምገባው በሶላር ወረቀት ላይ ነው። ቀረጡ ቀለለ ሲባል ነጋዴው ሁሉ ሌላውን ንግድ ጥሎ መጣ። አንዳንድ ቀን ፊርማዬን ሳሳርፍ «ይቺኛዋ የየትኛው ገጠር ቤት ታበራ ይሆን?» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ዮዲዬን ሳሙልኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ተሠርቶ እንዳለቀ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ እስከዚያ አደራዋ የእርስዎ ነው። ጨለማ እንደምትፈራ ያውቁ የለ? መብራቱ እንዳይጠፋባት። አባቷ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፣ እኔም እዚህ ነኝ፤ ያላት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የእህትዎ ልጅ አስቴር


አቃቂ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአስቴር። የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ይጋርድሽ፤ ያንን ሙቀትም ያብርድልሽ።

ፍቅሩ ባትሪውን በአንሶላ ጠቅልሎ እንደ ሙሽራ አምጥቶ አስረከበኝ። ተመስገን ነው። ሰፈሩ ድርግም ሲል የኛ ቤት ቁልጭ ይላል። ዮዲ ታዲያ አጨብጭባ «እማ አበራችው!» ትላለች። አባባም ሰቀለው ብትል ምን አለበት! መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ድሮ ሶላር ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር፤ አሁን ኩራታችንም ቀረ። ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ሁሉ ጥቁር መስታወት ዘርግቷል። የቃሊቲ መጋዘኖች ጣራቸውን ሞልተውታል። ጄኔሬተር ጠጋኙ ተስፋሚካኤል፣ ያ እጁ ከግሪስ ጠርቶ የማያውቀው፣ ሱቁን ዘጋና የሶላር ገመድ ቀጣይ ሆኖልሻል። ክፉ አይደለም። የጄኔሬተሩን ጩኸት እኔ ባልሰማውም ጭሱ ነበር የሚገድለኝ፤ እሱ ቀረልን። የጎረቤት ልጆችም ማታ ማታ ያጠናሉ። አገር ሲሻሻል አልሻሻልም የሚል ድንጋይ ብቻ ነው።

አሮጌውን ባትሪ ቁራሌው መጥቶ ጠየቀኝ። እኔ ግን ሳጥኑን አየሁትና አሳሳኝ። ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ! አይሰበር፣ አይዝግ። ክዳኑን በመጋዝ ቆረጥኩና ውስጡ ያለውን ውሃ ጓሮ ደፋሁት። ምን ዓይነት ውሃ ነው እባክሽ! ሣሩን አሳርሮት አደረ። ግራጫ ግራጫውን ብረት አውጥቼ ለቁራሌው ሰጠሁት፤ እሱ የሚፈልገው ለካ እሱን ኖሯል፣ እየሳቀ ሄደ። ከዚያ መከፋፈያዎቹን ሰብሬ ሳጥኑን በአመድና በአሸዋ ደጋግሜ ፈተግሁት። ዮዲም ቁጭ ብላ በትንንሽ እጆቿ አብራኝ ስትፈትግ ዋለች፤ ፊቷ ሁሉ አመድ ሆኖ እትዬሽ ጮኸችብኝ።

አሁን የላሞቹ ገንዳ ሆኗል። ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤታችን አተላውን ስትሰጠኝ በሱ ነው የማቀርብላቸው። ዳለቻና ቦራ ጥርግ አድርገው ጠጥተው ሳጥኑን ይልሱታል። የቆርቆሮው ገንዳ በአተላ እየተበላ ስንቴ ቀየርኩ! ይሄ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ጎረቤታችን ሮቤራም አይቶ ቀናና ለራሱ ላሞች ሁለት ሳጥን ፈልጎ አስቆረጠ። «ጋሽ ሀብቴ፣ አንተ እኮ መሐንዲስ ነህ» ይለኛል። ነኝ እንጂ!

ምንም አትላኪ። ከብቶቹ ይበቁናል።

አጎትሽ ሀብተሚካኤል


ጅቡቲ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ። እንኳን ለጥምቀቱ አደረሳችሁ።

በሳጥኑ ነገር እንዴት እንደሳቅሁ! እርስዎ መቼ ነገር ይጥላሉ? ልጅ ሆኜ ያለቀ የማሽን ቀበቶ ቆርጠው ጫማ እንደሰፉልኝ ለቢሮው ሰው ሁሉ አወራሁ። አለቃዬም «እንዲህ ያለ አጎት ቢኖረኝ ድርጅቱ አይከስርም ነበር» አለ። አየሩ እንዲህ ቢከብድም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ለዮዲ የጥምቀት ቀሚስ ልኬያለሁ። ከሰፋት እትዬ ፍቅርተ ያጥብቡላት። የኔ ወረቀት ግን ተጓተተ፤ ዛሬ ፊርማ ጎደለ፣ ነገ ፎቶ ጎደለ ይሉኛል። ለሰኔ ግን ምንም ቢሆን አይቀርም። እስከዚያ ወተቱን አደራ። ጠዋትም ማታም ትጠጣ። እዚህ ያለው የዱቄት ወተት ነው፤ አጥንቷ እዚያው ይጠናላት።

በስልክ ላናግራት ብል ሁለቴ «ተኝታለች» ተባልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ «እየተጫወተች ነው፣ አልመጣም አለች» አሉኝ። እናቷን እየረሳች ነው እንዴ ጋሼ? ይጻፉልኝ።

አስቴር


አቃቂ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስቴር። እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ፍቅሩ ሁለቴ መጥቶ ደብዳቤ ሲጠይቀኝ ባዶ እጁን መለስኩት። አትቆጪው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ብዕር ሳነሳ የምጽፈው ይጠፋብኛል።

ጾሙ እንደምታውቂው ነው። ደንበኛው ሁሉ ወተት አቆመ። ከፊሉን እትዬሽ እየናጠች ለፋሲካ ቅቤ ታጠራቅማለች፤ ሌላው ሁሉ ለዮዲ ነው። ሰባት ዓመት ላልሞላው ጾም የለበትም፣ ስለዚህ የቤታችን ወተት ጠጪ እሷ ብቻ ሆናለች። እንዳልሽው ጠዋትም ማታም እንሰጣታለን። እንዲያውም ጨምረን።

ዳለቻ አመም አድርጓታል። ጥርሷን ታፋጫለች፤ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ገጥማ ትገፋለች። ሮቤራ መጥቶ እጁን ዓይኗ ፊት አወናጨፈው፤ አላርገበገበችም። «ታውራለች ጋሽ ሀብቴ» አለኝ። የሱም ጥጃ እንዲሁ ሆኗል። አንዱ ዓይን በላብን አለ፣ ሌላው ከወንዙ ውሃ ነው አለ። ወንዙም ደህና አይደለም። ማዶ ያለው ግቢ ውስጥ ቁራሌዎቹ የሰበሰቡትን የባትሪ ብረት ያቀልጡታል አሉ፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኛል። ድሮ በዚያ በኩል ጎመንና ሰላጣ ነበር።

ለእንስሳ ሐኪም የሚሆን ትንሽ ነገር ብትልኪ አልጠላም። መጠየቁ እንዴት እንደከበደኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዮዲ ደህና ናት። ሆዷን ትንሽ ይቆርጣታል። ወስፋት ነው ብለው መድኃኒት ሰጡን፤ ጠበልም ወስደናታል። ትንሽ ቀጠን ብላለች፤ የጾም ሰሞን ልጅም ቢሆን ይቀጥናል። ለስልኩ አትዘኚ። ወሬ ቀንሳለች እንጂ አልረሳችሽም።

አጎትሽ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። ትናንት በስልክ እትዬ ፍቅርተ ላይ ስጮህ እርስዎ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን ሲያዩ እንደነበር ነገሩኝ። ስላልሰሙኝ ያልኩትን ሁሉ ደግሜ እጽፍልዎታለሁ።

ከትናንት በስቲያ ወደብ ላይ አንድ የባትሪ ኮንቴይነር ፈነዳ። ሠራተኞቹን ከቦታው አራቋቸው። ከዚያ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ፣ እስከ ብብታቸው ጓንት ያጠለቁ ሰዎች መጡና መሬቱን አጠቡት፤ ያጠቡበትን ውሃ ሳይቀር በበርሜል ሰበሰቡት። እኔ ሞኟ ስቄ «ለባትሪ ውሃ ይህ ሁሉ?» አልኩ። አንዱ ዞሮ «እርሳስ የሚሉት መርዝ ብረት ነው እመቤት። ልጅ አለሽ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። «እንግዲህ ይሄን ልብስሽን ለብሰሽ አትቀፊያት» አለኝ።

ልብሴን ለብሼ እንዳላቅፋት! እርስዎ ግን ሳጥኑን በመጋዝ ሲቆርጡ ከአጠገብዎ ቁጭ ብላ ነበር። ውስጡን በእጇ ፈትጋዋለች። ውሃውን በደፉበት ጓሮ ጭቃ ታቦካለች። ላሞቹ በዚያ ሳጥን ኮምጣጣ አተላ ጠጡ፤ እሷ የላሞቹን ወተት ጠጣች። ያውም ጾም ነው ተብሎ የሰፈሩ ድርሻ ሁሉ ለሷ ሆነ! እኔም ከዚህ ሆኜ «ወተት ጨምሩላት» እላለሁ። ደብዳቤዎን ለቢሮው ሰው እያነበብኩ ሳቅሁ ጋሼ። ሳቅሁ!

ዳለቻ ታወረች፣ ጥርሷን ታፋጫለች ብለው አንድ ገጽ ጻፉልኝ። ለልጄ ሦስት መስመር! «ትንሽ ይቆርጣታል።» «ቀጠን ብላለች።» «ወሬ ቀንሳለች።» የአራት ዓመት ልጅ፣ ያቺ ዝም በይ ስትባል የምትዘፍን ልጅ፣ እንዴት ነው ወሬ የምትቀንሰው?

ዛሬውኑ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷት። ደሟ ለእርሳስ ይመርመር በሉ። ወስፋት ነው ብለው ከመለሷችሁ ከበሩ አትነሡ። ወተቱን ድፉት። ሳጥኑን ከግቢ አውጡት። ለላሟ የጠየቁኝን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬያለሁ፤ ለልጄ ያውሉት።

አስቴር


አቃቂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስቴር።

ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር።

ወስደናታል። ደሟን ወስደው ቆዩና ሐኪሟ ጠራችን። ወጣት ናት፣ ከአንቺ አትበልጥም። በወረቀት ጽፋ አሳየችኝ፤ እኔ እንደማልሰማ ስታውቅ ጊዜ። በደሟ ያለው እርሳስ ይሁን ከሚባለው ልክ እጅግ ይበልጣል አለች። የሆድ ቁርጠቱም፣ መንጣቷም፣ ቃል መጥፋቱም ከሱ ነው። «የጠፋው ይመለሳል ወይ?» ብዬ ጻፍኩላት። «ከፊሉ» ብላ ጻፈች። ያንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። መድኃኒቱ በዚህ ሰሞን አልተገኘም፤ ብረት የሚተካ ሽሮፕ ሰጥተው ከግቢው አፈር አርቋት አሉን። አሁን ከእትዬሽ እህት ጋር ቱሉ ዲምቱ ናት፤ አራተኛ ፎቅ፣ አፈር የሌለበት።

ለምን ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ ላልሽኝ፤ ፈርቼ ነው። ዮዲ «አባባ» ማለት የተወች ዕለት ነው ብዕሬ የጠፋው። የላም ነገር ሲሆን እጄ ሮጠ። አደራ በልቼ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?

ዳለቻ በሕማማት ሞተች። ቦራ ቆማለች፣ ግን እሷም ናት። ለፋሲካ ልኳንዳ ሊገዛት ነጋዴ መጥቶ ነበር፤ «ሥጋዋ መርዝ ነው» ብዬ አባረርኩት። እትዬሽ ያጠራቀመችውን ቅቤ ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት። ስታለቅስ ድምፅዋ አልተሰማኝም፤ ትከሻዋን አየሁት።

ከዚያ እድራችን በተሰበሰበበት ተነሣሁ። የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ፣ መናገርም የኔ ነው። ከኅዳር እስከ ጾም መግቢያ ከኔ ቤት ወተት የወሰዳችሁ ሁሉ ልጆቻችሁን አስመርምሩ አልኩ። ዝም አሉ። ወይም ጮኹ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። አፋቸው ሲከፈት አይቻለሁ። አንዲት እናት መጥታ ደረቴን መታችኝ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ይብዛበት፣ ይገባኛል። ሮቤራ ግን ከሁሉ ባሰብኝ። ጥጃውም ላሙም አልቀዋል። መጣ፣ ሁለቱን ሳጥኖቹን በሬ ላይ አስቀመጠና ሄደ። «መሐንዲስ» ብሎኝ ነበር እኮ።

ልጄ፣ መብራቱን አልወቅስም። በዚያው መብራት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ አዲሱ ባትሪሽ ደህና ይሠራል። ግን አገሩ ሁሉ ባትሪ ገዛ። የተገዛው ሁሉ በሁለትና በሦስት ዓመት ይሞታል። ሲሞት ወዴት ይሄዳል? ከላይ ያለው ሰፈር ያጠበው ሁሉ በወንዙ ወደኛ እንደሚወርድ፣ የሞተ ባትሪውም በቁራሌው ጆንያ ወደኛ ይወርዳል። ለሰው እድር አለው። ድንኳን ይተከልለታል፣ መቃብር ይቆፈርለታል። ለዚህ ማን ይቁም? ሳጥኖቹን ይዤ የሚመለከተው ቢሮ ሁሉ ሄድኩ። «አባቴ፣ ይህ የኛ ክፍል አይደለም» ይላሉ በትሕትና። ለቁራሌው እንዳልሰጠው ማዶ ወስዶ ይሰብረዋል። እንዳልቀብረው ውሃ አለ። ሦስቱ ሳጥኖች በዳለቻ ባዶ ጋጣ ውስጥ ተቀምጠው ያዩኛል።

ሀብተሚካኤል


ጅቡቲ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ወረቀቴ አለቀ። አሁን አለቀ፣ ምን ያደርጋል!

እዚህ ያለ አንድ ሐኪም መድኃኒቱን ከፈረንሳይ አስመጣለሁ ብሎኛል። ዮዲን ከእትዬ ፍቅርተ ጋር በፍቅሩ መኪና ይላኩልኝ። እኔ እንዳልመጣ ከሥራ ከቀረሁ ወረቀቱም ይቀራል፣ የመድኃኒቱም ነገር።

የእኔን ሥራ ይጠይቁኝ ነበር አይደል? ልንገርዎ። አንድ ባትሪ ወደ አገራችን እንዲገባ የላኪው፣ የመርከቡ፣ የወደቡ፣ የባንኩ፣ የጉምሩኩ፣ የአስመጪውና የእኔ ፊርማ ያርፍበታል። ሲሞት የሚፈርም ማነው ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አሰበና «እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም» አለኝ። በማግስቱ ሌላ ኮንቴይነር መጣ። ፈረምኩ። ዮዲን የማሳክመው በዚያ ደሞዝ ነው። ድሮ የየትኛው ገጠር ቤት ታበራ ይሆን እል ነበር፤ አሁን የማን ጓሮ ትሰበር ይሆን እላለሁ።

አልቀየምኩዎትም ብዬ አልዋሽም። ራሴንም ተቀይሜያለሁ፣ እሱ ግን የእርስዎን አይቀንሰውም።

አስቴር


አቃቂ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስቴር።

ዮዲን ዛሬ ሸኘኋት። ፍቅሩ ጋቢናውን አስተካክሎ ፍራሽ ዘረጋላት። የጥምቀቱን ቀሚስ ነው ያለበስናት፤ ያኔ ሰፍቷት እትዬሽ ያጠበበችው አሁን መልሶ ሰፋት። መኪናው ሲነሣ አፏ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለችኝ እትዬሽን ጠይቂልኝ፤ እኔ እንደሆነ አይሰማኝም።

ሸክም ጨምሬብሻለሁ። የኛን ሳጥን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጆንያ ሰፍቼ በፍቅሩ ልኬዋለሁ። አትቆጪ። የሮቤራን ሁለቱን እኔ እይዛለሁ፤ ይሄኛው ግን ባንቺ በኩል የገባ ነው። መግቢያውን የምታውቂ መውጫውን ባታውቂ እንኳ ከኔ ትሻያለሽ። በርሜል ያላቸው፣ ጓንት ያላቸው ሰዎች አሉ ብለሽኛል። እነሱ ይቀበሉት። እኔ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው ብዬ ነበር፤ ተረፈ።

የጓሮውን አፈር እስከ ጉልበቴ ቆፍሬ በጆንያ ሞላሁት። ጋጣው ውስጥ ከምሬዋለሁ፤ የሚወስደው የለም። ቦራም በግንቦት መጨረሻ ሞተች። ግቢው ባዶ ነው። ጎረቤቱ ሰላምታ ጀምሯል፣ ግን ከሩቁ ነው። የእድሩን ዳኝነት ለሌላ አስረከብኩ።

የሚያስፈልገኝ ነገር የለም። ምንም አትላኪ። የልጅቱን ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ክፉም ቢሆን ጻፊው፣ እኔ እንዳደረግሁት በሦስት መስመር አታሳጥሪው። መልአኩ መንገዳቸውን ይምራ።

አጎትሽ ሀብተሚካኤል


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሀብተሚካኤል።

አታሳጥሪው ስላሉኝ እጽፋለሁ።

በሰላም ደርሰዋል። ፍቅሩ የነገረኝን ልንገርዎ። ጋላፊ ላይ ፈታሾቹ ጆንያውን አስፈቱት። ያገለገለ የባትሪ ዕቃ ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ለጤና አደገኛ ነው፣ ዓለም አቀፍ ሕግ አለ አሉት። ሕጉም እውነት ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ለመነ፣ አልሆነም። ጓንት አድርገው መልሰው ጠቀለሉትና ከጭነቱ አውርደው ሲመለስ እንዲወስደው መጋዘን አስቀመጡለት። ይህን ደብዳቤ ሲያደርስልዎ ሳጥኑንም ያስረክብዎታል። መልሰው ከሮቤራዎቹ ጎን ያድርጉት። እኔ የት ያድርጉት እንደምል አላውቅም።

ዮዲን ግን አሳለፏት። ፓስፖርቷን አይተው ጉንጯን ቆንጥጠው ከረሜላ ሰጧት። ያው እርሳስ በደሟ፣ በአጥንቷ ውስጥ አለ፤ ስለሱ የጠየቀ የለም። ለሱ ፈቃድ አያስፈልገውም ጋሼ።

ሐኪሙ አጥንቷ ውስጥ የገባው ቶሎ አይወጣም፣ ዓመታት ይፈጃል አለ። አጥንቷ እዚያው ይጠና ብዬ የጻፍኩት እኔ አይደለሁ? መድኃኒቱን ጀምራለች። ስሜን አታውቅም። «እማ» በይ ስላት ከንፈሬን ታያለች፣ ልክ እርስዎ ሰው ሲያናግርዎ እንደሚያዩት። እትዬ ፍቅርተን ጠየቅኋቸው፤ መኪናው ሲነሣ ያለችው «አባባ መብራቱን» ነው አሉ። መብራቱን ምን እንደምትል አልጨረሰችውም። ይብራ ይሁን ይጥፋ ማንም አላወቀም።

ዛሬ ጠዋት ወተት ሰጠኋት። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችውና ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት አድርጋ ተናገረች።

«የአባባ ነው?»

አይደለም አልኳት። ኩባያውን መለሰችልኝ።

አስቴር